ጣት የማያክሉ ሥዕሎች፤ ስለ ብራውዘር ምልክቶች መመሳሰል

በአገራችን የኂስ ጽሑፍ ስለ ግድግዳ ሥዕል፣ ስለ ሐውልት፣ ስለ መድረክ ገጽታ፣ ስለ መጽሐፍ ሽፋንም ሳይቀር ብዙ ተብሏል። ጣት የማታክለዋን ትንሽ ሥዕል ግን ኃያስያን እምብዛም ዞር ብለው አላዩዋትም። ይሁንና በዛሬው ዘመን ሰፊው ሕዝብ በቀን ደጋግሞ የሚያያት፣ በጣቱም የሚነካት ሥዕል በእጅ ስልክ ገጽ ላይ የተደረደረችው ትንሿ ምልክት ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በጫጫ ከተማ፣ በግ ሊሸጥ የወጣው ገበሬ፣ ባለጋሪው፣ መምህሩ፣ ተማሪዋ ከኪሳቸው የሚያወጡት ስልክ ይህንኑ የሥዕል ማኅደር የያዘ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቀጥሎ ለጫጫ ሰው ይህን ያህል የቀረበ የሥዕል ትርኢት አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንግዲህ ማን ሣለው፣ ለማን ሣለው፣ ተመልካቹስ ምን ያነብበታል ብሎ መጠየቅ የኂስ ሥራ ነው።

ከእነዚህ ምልክቶች መካከል ለዚህ ጽሑፍ የመረጥናቸው የብራውዘሮች፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔት የሚያስገቡት የድረ ገጽ ማሰሻዎች ምልክቶች ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የካሜራ ምልክት ካሜራ፣ የሰዓት ምልክት ሰዓት ሊሣልበት ይችላል፤ ብራውዘሮች ግን ሁሉም አንድ ሥራ የሚሠሩ በመሆናቸው አንዱን ከሌላው ለይቶ የማሳየት ሸክም የሚወድቀው በሠዓሊው ላይ ብቻ ነው። ሸክሙ ደግሞ በሚገባ እንዳልተነሣ ለማየት አምስቱን በአንድ መስመር መደርደር ይበቃል። ክሮም ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለበት በሰማያዊ እምብርት ዙሪያ ነው። ሳፋሪ ሰማያዊ ኮምፓስ ነው። ኤጅ ሰማያዊና አረንጓዴ ሆኖ የሚጠቀለል ማዕበል ነው። ፋየርፎክስ ሐምራዊ ኳስ ላይ የተጠመጠመ እሳታማ ቀበሮ ነው። ኦፔራ ቀይ ቀለበት ነው። አምስቱም ክብ ናቸው። ዐይኑን ጨፈን አድርጎ፣ ወይም ስልኩን እንደ ደጋው ሰው በጠራራ ፀሐይ ይዞ ለሚመለከታቸው አምስት እንክብሎች ብቻ ይሆናሉ።

ክብነቱ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1993 ብቅ ያለው ሞዛይክ የተባለው ብራውዘር ገጽ በሚጭንበት ጊዜ የምትሽከረከር ሉል ነበረችው። ቀጥሎ የመጣው ኔትስኬፕ ፊደሉን በፕላኔት አድማስ ላይ አቆመ። የማይክሮሶፍቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እ.ኤ.አ. በ1996 ዓለምን በአንድ የላቲን ፊደል ለመወከል ተነሣ፤ በኋላም ያንን ፊደል እንደ ፕላኔት ቀለበት አጠለቀለት። እ.ኤ.አ. በ2004 የፋየርፎክስ ቀበሮ የተጠመጠመችው አህጉራት በሚታዩበት ሉል ላይ ነበር። ሐሳቡ በዘመኑ ትክክል ነበር፤ «ይህን ስትነካ ዓለምን ትነካለህ» የሚል መልእክት ነበረው። ነገር ግን ከዓመት ዓመት ምልክቶቹ እየተላጩ ሲሄዱ ከሉሉ ላይ መጀመሪያ አህጉራቱ፣ ቀጥሎ ጥላው፣ በመጨረሻም ክብደቱ ጠፋ። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ የሚያብለጨልጭ ድፍን ኳስ ነበር፤ በ2011 ተደፈጠጠ፤ በ2022 የቀረችው ጥላም ተነሣችለት። ዓለም ሄዳ ክብነቷ ብቻ ቀረ። ትርጉሙ የሞተ ቅርጽ ማለት ይህ ነው። ሠዓሊው ክቡን የሚሥለው ክብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስለሚያውቅ አይደለም፤ ብራውዘር ክብ መሆን አለበት ተብሎ ስለተለመደ ነው።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በሠዓሊው ላይ መጫን የይዘትንና የቅርጽን ዝምድና መዘንጋት ይሆናል። ብራውዘሮቹ የሚመሳሰሉት በምልክታቸው ብቻ አይደለም፤ በአንጀታቸውም ነው። ጉግል ክሮምን የሚሠራበት ክሮሚየም የተባለው መሠረት ለሌሎችም ክፍት ነው። ኦፔራ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱን ሞተር ትቶ ወደዚሁ ገባ፤ ኤጅም በ2020 ተከተለው፤ ብሬቭና ቪቫልዲም በዚሁ ላይ የቆሙ ናቸው። በአይፎን ላይ ደግሞ ከጥቂት አገሮች በቀር ማናቸውም ብራውዘር የሳፋሪን ሞተር እንዲጠቀም አፕል ሲያስገድድ ኖሯል፤ እዚያ ክሮም የሚባለው ልብስ የቀየረ ሳፋሪ ነው። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ እዚህ የምናየው ግን ከዚያም የባሰ ነው፤ ወጡ አንድ ሆኖ ሳለ ጉልቻው ልዩ ነኝ እያለ መጮኹ ነው። ይዘቱ ልዩነት ሲያጣ ቅርጹ የልዩነትን ትርኢት እንዲያሳይ ይታዘዛል፤ ትርኢቱም ባዶ ስለሆነ ተመልሶ ወደ መመሳሰል ይወድቃል።

ይህ ማለት ግን ተመሳሳይ ነገሮችን ለይቶ መሣል አይቻልም ማለት አይደለም። ማስረጃውን ሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልግም። «አይኮን» የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ ሥዕል፣ አምሳል ማለት ነው፤ ለቅዱሳት ሥዕላት የተሰጠው ስም ዞሮ ለስልክ ምልክት ተሰጠ። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያንም ከዛሬው የስልክ ሠዓሊ ጋር አንድ ዓይነት ችግር ገጥሟቸው ነበር። ፈረሰኞቹን ቅዱሳን እንውሰድ። ጊዮርጊስ በፈረስ ላይ ነው፤ መርቆሬዎስም በፈረስ ላይ ነው፤ ገላውዴዎስም እንዲሁ። ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ጦር የያዘ፣ ሁሉም ሰፊ ዐይን ያለው ነው። ሥርዐቱ በጥብቅ የተደነገገ ስለሆነ ሠዓሊው እንደልቡ መፈንጨት አይችልም። ሆኖም ፊደል ያልቆጠረች እናት ከበሩ ላይ ቆማ ማን ማን እንደሆነ ትለያለች። በምን? በመጀመሪያ በፈረሱ ቀለም፤ የጊዮርጊስ ነጭ፣ የመርቆሬዎስ ጥቁር ነው። ዋናው ግን ቀለሙ አይደለም፤ ጦሩ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ጊዮርጊስ የሚወጋው ዘንዶ፣ መርቆሬዎስ የሚወጋው ከሐዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን፣ ገላውዴዎስ የሚወጋው ሰብአታት የተባለውን አውሬ ነው። መልካቸው አንድ ሆኖ ግብራቸው ይለያል፤ ሠዓሊውም ግብሩን ሣለ።

የዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ በሰሜን ሸዋ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውጪም ይታወቃል። ጫጫ የወረዳ ከተማ በሆነችበት በአንጎለላ ምድር፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በተቀመጡበት፣ ዳግማዊ ምኒልክም በተወለዱበት አገር፣ ሰው ከሰው የሚለየው በፈረስ ስም ጭምር ነበር። ሣህለ ሥላሴ አባ ዲና፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተባሉ፤ ከሌላው አገር ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ ነበሩ። ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ዳኘው የሚሉት ቃላት ግሦች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ዳማውም፣ ቦራውም፣ አምባላዩም ከሩቅ ፈረስ ነው፤ ስሙ ሲጠራ ግን ባለቤቱ የሚያደርገው ነገር አብሮ ይጠራል።

ወደ ስልኩ እንመለስ። የስልኩ ሠዓሊ ከሚጠቀምባቸው መለያዎች ሁለቱ በእጃችን ላይ እያሉ ተነጥቀዋል። አንደኛው የዳር ቅርጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ስምንተኛው አንድሮይድ የስልክ አምራቾች ምልክቶችን ሁሉ በአንድ ዓይነት ቅርጽ፣ በክብም ይሁን ማዕዘኑ በለዘበ አራት ማዕዘን፣ እንዲቆርጡ መንገድ ከፈተ፤ አይፎን ከመጀመሪያው ሁሉንም በአንድ ቅርጽ ያስገባ ነበር። የቀበሮዋ ጭራ ከክብ ወጥቶ የሚንቀለቀልበት ነጻነት በዚህ አበቃ። ሁለተኛው ቀለም ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 የጂሜይልን፣ የቀን መቁጠሪያውንና የድራይቭን ምልክቶች በአንድ ዓይነት አራት ቀለማት ሲቀባቸው ተጠቃሚዎች አንዱን ከአንዱ መለየት አቃተን ብለው አማረሩ። ይህም ሳይበቃ አዳዲሶቹ አንድሮይዶች፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህም አይፎኖች፣ ባለስልኩ ከፈለገ ምልክቶቹን ሁሉ በአንድ ቀለም ለማቅለም ያስችላሉ። ለጌጥ የተሠራ ነገር ነው፤ ለኃያሲ ግን ጥሩ መፈተኛ ሆነ። ዳሩም ቀለሙም ከተወሰደ በኋላ ከሥዕሉ ምን ይቀራል?

ከክሮም የሚቀረው ክብ ውስጥ ያለ ክብና ሦስት መስመሮች ናቸው። ከኦፔራ ቀለበት። ከኤጅ የተጠማዘዘ ነገር። ከሳፋሪ የኮምፓስ ቀስት ይቀራል፤ ቀስት መንገድ ይጠቁማልና ይህ በጎ ነው። ከፋየርፎክስ ግን ቀበሮ ትቀራለች፤ የተጠመጠመች፣ የምትሮጥ፣ ጭራዋ ነበልባል የሆነ ቀበሮ። ጊዮርጊስን ባለ አንድ ቀለም ብታደርገው ዘንዶው እንደሚቀር ማለት ነው። ይህ ጸሐፊ ከአምስቱ ያለ ማመንታት የሚመርጠው ይህንን ነው። ስሙ ራሱ ትግል ያየ ነው፤ መጀመሪያ ፊኒክስ፣ ቀጥሎ ፋየርበርድ ተብሎ፣ ስሞቹ በሌሎች የተያዙ ሆነው ስለተገኙ በ2004 ፋየርፎክስ ሆነ፤ የመጨረሻው ስም ግን ለሠዓሊው እንስሳና እሳት ሰጠው። በእኛ ስልኮች ላይ የሚታየው የዩሲ ብራውዘር ሽኮኮ መሰል እንስሳም በሥዕልነቱ ያን ያህል የጠራ ባይሆንም ቢያንስ አንድ ፍጡር ነው፤ ዐይን ይይዘዋል።

በፊደል ላይ የቆሙት ምልክቶች ሌላ ጣጣ አለባቸው። የኤጅ ማዕበል የላቲን ፊደል መሆኑን የሚያውቅ ያንን ፊደል የቆጠረ ነው። በግዕዝ ፊደል ብቻ ላነበበ ሰው ያ ቅርጽ ፊደልነቱ ቀርቶ ጠመዝማዛ ብቻ ነው። የኦፔራ ቀለበት ግን በአጋጣሚ ዕድለኛ ሆነች፤ የእኛ አንባቢ ዐይኑ «ዐ» ብሎ ያነብባታል፤ የፊደሉ ስም ደግሞ ዐይን ነው! የኖርዌይ ሠዓልያን ሳያስቡት የዓለም መመልከቻ የሆነውን ነገር በግዕዝ ዐይን ብለው ጻፉት። ይህን ያህል ግጥም ያለ ነገር በዕቅድ ቢሠራ ኖሮ እናጨበጭብ ነበር።

የተውኔት ሰው ይህን ጉዳይ የሚያይበት የራሱ መንገድ አለው። በመድረክ ላይ አንድ ገጸ ባሕርይ ሲገባ አፉን ሳይከፍት በኋለኛው ረድፍ የተቀመጠው ተመልካች ማን እንደሆነ ሊያውቅ ይገባል። ካላወቀ ጥፋቱ የተመልካቹ አይደለም። ከዚህ የሚከተል አንድ ቀላል መመዘኛ አለ፤ ሥዕሉ በአፍ ሊነገር ይችላል ወይ? አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ ጫጫ ላሉት እናቱ ስልክ ደውሎ፣ «እማዬ፣ ያቺን ቀበሮ ንኪያት» ቢል ነገሩ በአንድ ቃል ያልቃል። «ክቡን ንኪው» ቢል ግን «የትኛውን ክብ ልጄ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ሕዝቡ ይህን ችግር በራሱ ጥበብ ለመወጣት ሲሞክር እንሰማለን፤ ክሮምን «ጉግሉ»፣ ኦፔራን «ቀዩ» ይለዋል። ቀለሙ ሲነሣ ግን «ቀዩ» የሚለው ስም ምን ይሆናል?

ነገሩ የውበት ብቻ አለመሆኑን እዚህ ላይ ማስገንዘብ ያሻል። ኦፔራ ሚኒ የተባለው ብራውዘር እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም ሲቀርብ ዋና ጥቅሙ ገጾችን በራሱ ኮምፒዩተሮች ጨምቆ በመላክ የዳታ ፍጆታን መቀነስ ነበር፤ ዛሬም ይኸው ነው። ክሮም ተመሳሳይ የቁጠባ አሠራር ነበረው፤ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. አስቀረው። እንግዲህ ለዕለት የሚሆን ጥቅል ገዝቶ የእህል ዋጋ ወይም የልጁን የፈተና ውጤት ለማየት ለሚፈልግ ሰው አንዱን ክብ ከሌላው ክብ መለየት የገንዘብ ጉዳይ ነው። ታዲያ የኦፔራ ሚኒ ምልክት ስለዚህ ቁጠባ አንዳች ነገር ይናገራል? አይናገርም። ከታላቅ ወንድሙ ከኦፔራ ጋር ያችኑ ቀለበት ይካፈላል እንጂ የሚቆጥብ መሆኑን፣ ማለትም ግብሩን፣ አያሳይም። መርቆሬዎስን ያለ ዑልያኖስ መሣል ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። የፋየርፎክስ ሥዕል ይህን ያህል ከበለጠ ለምን ክሮም አሸነፈ? መልሱ ሥዕሉ ውስጥ አይገኝም። ክሮም በአብዛኛው አንድሮይድ ስልክ ላይ ገዢው ከመግዛቱ በፊት ተጭኖ ይጠብቃል፤ በሩ ላይ የተቀመጠ ሰው መልኩን ማሳመር አያስፈልገውም። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ጉግልን 4.34 ቢሊዮን ዩሮ ሲቀጣ ከጠቀሳቸው ጥፋቶች አንዱ አምራቾች ክሮምንና የጉግልን መፈለጊያ አብረው እንዲጭኑ ማስገደዱ ነበር። ከዚያም በፊት በ2010 ማይክሮሶፍት በአውሮፓ ኮምፒዩተሮች ላይ የብራውዘሮችን ምልክት ጎን ለጎን ደርድሮ ለሰዉ ምርጫ እንዲያቀርብ ተገድዶ ነበር። ምልክቶቹ በእውነት የተወዳደሩበት መድረክ ምናልባት ያ ብቻ ነው፤ እዚያም እንኳ ቀዳሚዎቹ ብራውዘሮች ተራቸው በዕጣ እንዲቀያየር ሆነ። ፊት የቆመው ያለ ሥዕል ብልጫ ሊመረጥ እንደሚችል ዳኞቹ ያውቁ ነበርና ነው። ስለዚህ የምልክት መልካምነት ገበያን ያሸንፋል ብለን አንከራከርም። የምንለው፣ ምርጫው ለሰው በእውነት በተተወበት ቦታ ሁሉ ዐይን የሚፈርደው በግብር ነው።

እንስሳ መሣል ብቻውን መድኃኒት ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ብሬቭ የተባለው ብራውዘር አንበሳ ሥሏል። ለምዕራቡ ተመልካች ልዩ ሊሆን ይችላል፤ ለኢትዮጵያዊ ግን አንበሳ የተለበሰ ልብስ ነው። የነገሥታቱ ማኅተም አንበሳ ነበር፤ በ1887 ዓ.ም. ከወጡት ከሰባቱ የመጀመሪያ ቴምብሮቻችን ሦስቱ አንበሳ፣ አራቱ የምኒልክ መልክ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ አውቶቡሱም አንበሳ፣ ጫማውም አንበሳ፣ ባንኩም አንበሳ ሆነ። የበዛ ምልክት ትርጉሙ አይጠፋም፤ መለየቱ ግን ይጠፋል። ከዚህም በላይ የብሬቭ አንበሳ ፊቱን ብቻ አቅርቦ ይመለከተናል፤ ምንም አያደርግም።

ባንክ ካነሣን አይቀር፣ ይህ ችግር ነገ በእኛ ሠዓልያን ደጅ የሚቆምበት፣ እንዲያውም የቆመበት ቦታ ይኸው ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል ለገጠሩም ሕዝብ ደርሷል። ባንኮቻችን ቁጥራቸው 30 ያህል ሆኖ፣ እያንዳንዳቸው መተግበሪያ አውጥተው በዚያው ጠባብ የስልክ ገጽ ላይ ይሻማሉ። ለኂስ ደስ የሚለው ስማቸው በሥዕል የበለጸገ መሆኑ ነው። ዳሽን ተራራ ነው፤ አዋሽና ዓባይ ወንዞች ናቸው፤ ንብ አለ፤ ቡና አለ። ወጋገን፣ ብርሃንና ፀሐይ ሦስቱም ከብርሃን ወገን ስለሆኑ ሠዓልያናቸው ንጋትን ከቀትር የመለየት ዕዳ አለባቸው። ከሁሉም ስም የተሳካለት ንብ ይመስለናል፤ ንብ ስትባል የምትሠራው ነገር አብሮ ይታያልና፤ ታከማቻለች። ለባንክ ከዚህ የተሻለ ግብር የለም። ነገር ግን በስልክ ላይ ያለው አዝማሚያ ወደ ብራውዘሮቹ መንገድ ሲያዘነብል እናያለን፤ ስሙ የሰጠውን ሥዕል ወደ ጎን ትቶ አንድ ቅርጽ፣ አንድ ወጥ ቀለም፣ አንድ የላቲን መነሻ ፊደል። ባንኮቹ ደንበኞቻቸውን ከሐሰተኛ መተግበሪያዎች እንዲጠነቀቁ ደጋግመው ያሳስባሉ። ማሳሰቢያው ተገቢ ነው። ሆኖም ለመኮረጅ ከክብና ከፊደል የሚቀል ሥዕል የለም፤ አታላዩም ይህን ከሠዓሊው የበለጠ ያውቃል።

በመነሻ ፊደል ለመለየት የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ አጭር ነው። አዋሽ፣ አቢሲንያ፣ አንበሳ፣ አዲስ፣ አማራ፣ አሐዱና ዓባይ በላቲን ሲጻፉ ሰባቱም በአንዱ «ኤይ» ይጀምራሉ። በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ ስድስቱ በአልፋው አ ይቀራሉ፤ ዓባይ ግን በዐይኑ ዓ ስለሚጻፍ ከመካከላቸው ብቻውን ይወጣል።